ስለ ውሻ ንክሻና ሰውነታችን ራሱን ስለሚከላከልበት መንገድ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ስለ ውሻ ንክሻ ነው። በሠፈራችን ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ ብዙ ነው። ልጅ ሲነከስ «ትንሽ ጫር አድርጎት ነው» እየተባለ ይታለፋል። ይኼ አያዋጣም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ከተደረሰበት ግን በክትባት ይከለከላል። ምክንያቱን ከሥሩ እንየው።

እያንዳንዱ ተሕዋስ በገላው ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ ሐኪሞች አንቲጂን ይሉታል። እኛ የሽሮ ሜዳ ሰዎች እንደ ጥለት ብናስበው ይቀለናል። ሸማኔ ጥለቱን ዐይቶ የማን ሥራ እንደሆነ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሶቻችንም በዚያ ምልክት እንግዳውን ይለያሉ። ከዚያም ለእሱ ብቻ የሚገጥም መከላከያ ይሠራሉ፤ ይኼ አንቲቦዲ ይባላል። አንቲቦዲው ቫይረሱ ላይ ተለጥፎ ወደ ነርቭ እንዳይገባ ያግደዋል። የኩፍኝ አንቲቦዲ ለእብድ ውሻ በሽታ አይሆንም፤ ጥለቱ ሌላ ነዋ!

ነገር ግን አዲስ ጥለት ሲጀመር ድሩን ማድራት ቀን ይፈጃል። ሰውነትም በቂ አንቲቦዲ ለማውጣት ከ7 እስከ 14 ቀን ያህል ይፈልጋል። ቫይረሱ ደግሞ ነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ወደ አንጎል ስለሚጓዝ ሰውነት በጊዜ አያየውም። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል፤ በሳምንት የሚደርስበትም አለ። ክትባት ማለት የሞተውን ቫይረስ ምልክቱ እንዳለ ለሰውነት ቀድሞ ማሳየት ነው። ቁስሉ ከከፋ ሐኪሙ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ቁስሉ ላይ ይወጋል። እሱ ወዲያው ይሠራል፤ ግን በሳምንታት ውስጥ ስለሚያልቅ ክትባቱን አይተካም።

እዚሁ ጉለሌ «ፓስተር» እያልን የምንጠራው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ቤት፣ ስሙን ያገኘው በ1885 (እ.ኤ.አ.) በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነው ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። ትልልቆቻችን የምታስታውሱት፣ ለብዙ ቀን ሆድ ላይ ይወጋ የነበረው መርፌ እዚያው ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር። አዲሱ ዓይነት ክትባት ክንድ ላይ ነው፤ ቀጠሮውም ጥቂት ነው። እንግዲህ መርፌ ፈርቶ መቅረት ምን ይሉታል?

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፤

1ኛ/ የተነከሰውን ቦታ ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ።
2ኛ/ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የዘገየም ቢሆን «አለፈኝ» ብሎ አይቅር።
3ኛ/ ቁስሉ ደረቀ ብላችሁ ቀጠሮ አታቋርጡ።
4ኛ/ ውሻ ያላችሁ በየዓመቱ አስከትቡ፤ አትልቀቁ።

ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ እሱን የሚከለክል የለም። ክትባቱ ግን አይቅር። ማኅበራችን ለቀብር ድንኳን ከመትከል በፊት ሕፃን ማዳን ይቀድመዋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ