የብድር ጣሪያ ከፍ ሲል
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ሥራዬ ብድር ላይ ስለሆነ የምናገረውም ስለዚያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «ስሜ በብድር ተበላሽቶ ነበር፤ አሁን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የብድር ጣሪያዎ ከፍ ብሏል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። ልውሰደው ወይስ ልተወው?» አሜሪካ ያሉት ጓደኞቻችንም ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ የእነሱ በክሬዲት ካርድ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ስሙ የተበላሸ ሁሉ ገንዘብ አባካኝ አይደለም። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በነበረው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል፣ ሱቁንና ማሳውን ጥሎ የሸሸ ሰው ብድሩን በምን ይከፍላል? ለባልደረባው በደመወዙ ዋስ ገብቶ የሌላ ሰው ዕዳ የተቆለለበት መምህርስ? እንዲህ ያለው ሰው ስሙን መልሶ ሲገነባ ምክር እንጂ ነቀፋ አያስፈልገውም።

ስም የሚጠገነው በወረቀት ይጀምራል። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎቻቸውን ሁኔታ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያሳውቃሉ፤ አዲስ ብድር ሲጠየቁም መጀመሪያ እዚያ ያያሉ። ስለዚህ ዕዳ ሲያልቅ «ጨርሻለሁ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ ብቻውን አይበቃም። ክሊራንስ ተቀበሉ፤ መከፈሉ መመዝገቡንም አበዳሪውን ጠይቁ። በዋስትና የገባችሁ ካላችሁም፣ ዋስትናው መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በእጃችሁ ይሁን።

ከዚያ ወደ ጣሪያው እንምጣ። በ2013 ዓ.ም ቴሌብር መጣ፤ በ2014 ዓ.ም ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የሚባለውን አነስተኛ ብድርና ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ»ን አምጥቷል። ቤትና መኪና ሳያስይዙ መበደር ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩም የታወቀ ነው፦ ገንዘብ እንዴት እንደምታንቀሳቅሱና የወሰዳችሁትን በቀኑ እንደመለሳችሁ ይታያል፤ ጥሩ ከሆነ ጣሪያው ከፍ ይላል።

ታዲያ ጣሪያው ከፍ ማለቱ መልካም ዜና ነው። ግን ደመወዝ ጨመረ ማለት አይደለም። አበዳሪው «ይህን ያህል ላምንህ እችላለሁ» አለ እንጂ «ይህን ያህል መክፈል ትችላለህ» አላለም። መክፈል መቻላችንን የምናውቀው እኛ ነን።

ይህን ከጌዴኦ ገበሬ በላይ የሚያስረዳ የለም። መስከረም 2016 ዓ.ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እኮ ዛፍ፣ ቡናና እንሰት አብረው የሚኖሩበት ነው። ገበሬው ጓሮው ውስጥ ያለውን እንሰት ሁሉ አንድ ቀን አይቆርጥም። የደረሰውን፣ ለሚያስፈልገው ያህል ይቆርጣል፤ ታዳጊው ለክፉ ቀን ይቆማል። የብድር ጣሪያም እንደዚያ ነው፤ አብዛኛው ሳይነካ ሲቆም ነው የሚጠቅመው።

ውጭ ያሉት ጓደኞቻችን ይህን በቁጥር ያዩታል። በአሜሪካ የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ሲሆን፣ 35 በመቶው በቀኑ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ደግሞ ካለባችሁ ዕዳ መጠን ይመጣል። ስሙን የሚጠግን ሰው ብዙ ጊዜ በተያዥ ገንዘብ ይጀምራል፤ 200 ዶላር አስይዞ 200 ዶላር ጣሪያ ያገኛል። በወር 150 ዶላር ቢጠቀም 75 በመቶውን ነካ ማለት ነው። ጣሪያው 1,000 ሆኖ ወጪው ያው 150 ከሆነ ግን 15 በመቶ ብቻ ነው። ጣሪያው የጠቀመው ወጪው ስላልጨመረ ነው።

ስጦታውስ? ካርዱ ከገዛችሁበት 1 ወይም 2 በመቶ ይመልስላችኋል። ወሩን ሙሉ በሙሉ ካልከፈላችሁ ግን የካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዕዳ እያዞረ ሽልማት የሚሰበስብ ሰው፣ በቀዳዳ ማዳበሪያ ቡና እንደሚለቅም ነው። ሽልማት ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው ነው፤ ስለዚህ ስትመርጡ መጨረሻ ላይ እዩት።

እዚህ አገር ቤት ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። ለደመወዝተኛ የአንድ ወር ብድር ከወር መጨረሻ ጋር ይገጥማል። የቡና ገንዘብ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ለቀማ ነው የሚገባው። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መስከረም ላይ ይመጣል። ነሐሴ ላይ በ30 ቀን ብድር የወሰደ ገበሬ የሚከፍልበት ቀን መስከረም ነው፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው! ያን ጊዜ ወይ ብድሩ ያልፍበታል፣ ወይ ቡናውን ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ይሸጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 10,000 ብር በወር 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተወሰደ እንበል። ለአንድ ወር 500 ብር ነው፤ ይቻላል። በየወሩ እየከፈሉ መልሶ መውሰድ ስድስት ወር ከቀጠለ ግን 3,000 ብር ወጥቶ 10,000 ብሩ እንዳለ ነው። «ወለድ የለውም፣ የአገልግሎት ክፍያ ነው» ይባላል፤ ስሙ ምንም ይሁን፣ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው።

እንግዲህ መልእክቱ ሲመጣ በቅደም ተከተል ጠይቁ። መክፈያው ቀን ገንዘብ ከሚገባኝ ቀን በኋላ ነው? ክፍያውና ቅጣቱ ተደምሮ ስንት ብር ይሆናል? ጣሪያው ቢጨምርም ወጪዬን በነበረበት ማቆየት እችላለሁ? ሦስቱም ከተመለሱ ተቀበሉት፤ ትንሽ ወስዳችሁ በቀኑ መልሱ። አንዱ እንኳ ካልተመለሰ ይቆይ። ለደብተርና ለዩኒፎርም ከሆነ ቀድሞ የተጣለ ዕቁብ ይሻላል፤ ነጋዴ ከሆናችሁ ደግሞ መክፈያው ከለቀማ በኋላ የሚውል ብድር ጠይቁ።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። የዛሬ ተማሪ የመጀመሪያ ብድሩን የሚወስደው ስልኩ ላይ ነው፣ ምናልባትም ከመመረቁ በፊት። የትኛውም ትምህርት ክፍል ቢሆን፣ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰዓት ስለዚህ ነገር ብትነግሩት፣ ነገ ስም መጠገን ሳያስፈልገው ይኖራል።