ስለ ቁርጥማት ማስታገሻዎች
(ለካምፑ ነዋሪዎች የተሰጠ የጤና ትምህርት)



ውኃና ማገዶ ስንሸከም የኖርን ሰዎች ጉልበታችንና ወገባችን ቢቆረጥመን አይገርምም። በዕድሜና በሸክም ያለቀ መገጣጠሚያን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ኪኒን የለም፤ ኪኒን የሚያስታግሰው ሕመሙን ብቻ ነው። ስለዚህ ሕመሙ አልለቅ አለ ብሎ መድኃኒት መደራረብ ትርፉ ጉዳት ነው።

ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እብጠት ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ሁለቱን አብራችሁ፣ ወይም በባዶ ሆድ አትውሰዱ። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ኑ።

ስሙ ሳይታወቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ከሚሸጥ ኪኒን ተጠንቀቁ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ሊሆን ይችላል። ሕመሙን ቶሎ ስለሚያስረሳ ይወደዳል፤ ሲቆይ ግን አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳር ይጨምራል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት አያቁም፤ ኪኒኑን ይዞ ይምጣና መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነስለት።

ጠዋት የሚተሳሰር መገጣጠሚያን በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ማሞቅና ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ይረዳል። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ ግን ሳታድሩ ኑ።