ያለ ማስታወቂያ የሚዛመት ጨዋታ

አቅራቢ፦ አንድ ግለሰብ ወይም አነስተኛ ቡድን ሠርቶ ያለ ክፍያ የሚያቀርበው የስልክ ጨዋታ ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ስለሌለው፣ ተጫዋቹን ራሱን መልእክተኛ ያደርጋል።

የዚህ አሠራር ጥንታዊ አምሳያ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚታወቀው ገበጣ ነው፤ እረኛው መሬት ላይ ጉድጓዶችን በረድፍ ምሶ ጠጠር ሲያድል፣ አጠገቡ የቆመው ልጅ ሕጉን በማየት ብቻ ይማራል፣ በማግስቱም ለሌላው ያስተምራል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የመዘገቧቸው በርካታ የገበጣ ዓይነቶች፣ ባለቤት የሌለው ጨዋታ ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር መልኩን እንደየአካባቢው እንደሚለውጥ ያሳያሉ።

በስልክ ዘመንም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የጨዋታ ሠሪ ድርጅት ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው፣ ዶሮ እየሮጠች የምታመልጥበት «ኩኩሉ» የተሰየመው ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ በሚጣሩበት ቃል በመሆኑ፣ ስሙ ብቻውን የማስታወቂያን ሥራ ይሠራል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣው «አመንግ አስ» ደግሞ በዓለም ዙሪያ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታዋቂ ተጫዋቾች በቀጥታ የምስል ስርጭት ሲጫወቱት ተመልካቹ አይቶ ስለተከተላቸው ነው።

ስለዚህ ነጻ ጨዋታን የሚያስፋፋው፣ በማየት ብቻ የሚለመድ ሕግና ጓደኛን ለመጥራት የሚያስገድድ ደስታ ነው።