የአዲሱ ዕቃ ቤታችን ወለልና የሲሚንቶ እርጥበት
(መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን ከሁሉ በላይ የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ዕቃ ቤቱ አልቋል፤ ቆርቆሮው ተመትቷል፤ በሩም ተገጥሟል፤ ታዲያ ድንኳኑና ወንበሩ እስከ መቼ በሰው ግቢ ይቀመጣል? ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክረምቱን ሙሉ ንብረታችንን ያስቀመጡልን ቤተሰብም ቦታቸውን ይፈልጉታል። ስለሆነም ከግንበኞች ጠይቀን የተረዳነውንና በዓይናችን ያየነውን በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናስረዳ በኮሚቴው ታዘናል።

ወለሉ የተለሰነው ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን የምናውቀው በግምት አይደለም፤ ከበሩ በስተኋላ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፈነዋል። ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ቀን ሳይጽፍበት የሚያልፈው ነገር የለም። ግንበኞቹ ያን ጊዜ ስቀውብን ነበር። ዛሬ ግን ሒሳቡን የምናሰላው ከዚያች ጽሑፍ ተነሥተን ነው፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ ቢያደርገው ደግ ነው።

«ወለሉ እኮ ድንጋይ ሆኗል፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጠንክሯል። ዳሩ ግን መጠንከርና መድረቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጭቃ የሚጠነክረው ውሃውን ሲያጣ ነው። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ከውሃው ጋር ሲዋሐድ ነው። ግንበኛ ለስኖ ካበቃ በኋላ ውሃ የሚያጠጣውም ስለዚህ ነው። እኛም ወለሉን እርጥብ ጆንያ አልብሰን 7 ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው። «በክረምት ደግሞ ውሃ ማጠጣት ምን የሚሉት ነው!» ያለም አልጠፋም። ነገር ግን ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ ዝናብ ገብቶ ወለል አያጠጣም። ቶሎ የደረቀ ልስን ይሰነጠቃል፤ ፊቱም እንደ ዱቄት እየተነሣ በመጥረጊያ ሲወጣ ይኖራል።

መድረቅ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው። ግንበኛው አሸዋና ሲሚንቶውን ለማቡካት የሚጨምረው ውሃ ሲሚንቶው ከሚፈልገው ይበልጣል፤ አለዚያ ልስኑ አይለጠጥለትም። ትርፉ ውሃ በወለሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ መውጫውም በላይ በኩል ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ እንፋሎት ሆኖ። የግንበኞች ልማድ እንዲህ ይላል፦ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ልስን፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ቁጠር፤ ከዚያ በላይ ከወፈረ ለአንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን አይበቃም። የኛ ወለል ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 50 ቀን ይደርሰዋል ማለት ነው። ማጠጣቱን ካቆምንበት ከነሐሴ 17 ጀምሮ ስንቆጥር ዛሬ 43 ቀን ሆኖታል።

«ታዲያ ሰባት ቀን ነው የቀረው!» እንዳትሉ። ይህ ሒሳብ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆንና ነፋስ ሲያገኝ ነው። በነሐሴ የታጠበ ጋቢ ስንት ቀን በገመድ ላይ እንደሚውል እናቶች ያውቁታል። ወለልም እንደዚያው ነው።

ባለፈው መስከረም 20 ቀን ወለሉን ፈትነነዋል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈን አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀን ለጠፍነው። በማግስቱ ስናነሣው ላስቲኩ ከውስጥ በኩል አልቦታል፤ ከሥሩ ያለውም ወለል ጠቁሮ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምስክር አንፈልግም። ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ብቻውን አይታመንም፤ ቀኑም መቆጠር አለበት።

አንድ አባላችን «ላስቲክ አንጥፈን ድንኳኑን እንደርድርበት» ብለው ነበር። አሳቡ የደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ላስቲኩ የውሃውን መውጫ ይደፍነዋል እንጂ ውሃውን አያጠፋውም። በሳንቃ ላይ ይቀመጥ ቢባልም የክፍሉ አየር ራሱ እርጥብ ነው። ሸራ በእርጥብ ቤት ተጠቅልሎ ሲከርም ይሻግታል፤ የሻገተ ሸራ ደግሞ ሲወጥሩት ይቀደዳል። ያን የምናውቀው ለቀስተኛው ከሥሩ ተቀምጦ ዝናብ ሲመጣ ነው።

በየቤታችሁም ያው ነው። አዲስ ቤት ሠርታችሁ ለበዓል ወይም ለሠርግ ለመድረስ ብላችሁ ባልደረቀ ልስን ላይ ፓርኬ ብታስነጥፉ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ማስቲሹ ይለቃል፤ ምንጣፍ ከሆነ ይሸታል።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። «ሁለት ሦስት ምድጃ ከሰል አቀጣጥለን በሩን ብንዘጋው በሳምንት ይደርቃል፤ ዘበኛውም እዚያው ያድራል» የሚል አሳብ ቀርቧል። ይህንን አጥብቀን እንቃወማለን። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ያስተኛል፤ የተኛውም ሳይነቃ ይቀራል። «ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚባለው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ራሱን የሳተ ሰው ቢገኝ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣትና ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ዕድር የሞተ ይቀብራል እንጂ ለአንድ ወለል ብሎ ሰው አይገድልም! ደግሞስ ለወለሉ ምን ይጠቅመዋል? ቤቱ ተዘግቶ እንፋሎቱ በየት ይወጣል? ድንገተኛ ሙቀት ፊቱን ብቻ አድርቆ ጠርዙን ያነሣዋል፣ ይሰነጥቀዋልም።

የሚያደርቀው ነፋስ ነው። ትይዩ ያሉት ሁለቱ መስኮቶች ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይከፈቱ፤ ማታና በዝናብ ጊዜ ይዘጉ። ከወለሉ በታች ድንጋይና ላስቲክ ስለ ተነጠፈ ከመሬት የሚመጣ እርጥበት አንጠብቅም፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ እያላበው ከቀጠለ ግን አሸንዳውንና የውሃ ቦዩን እናስመረምራለን።

የላስቲኩ ፈተና ጥቅምት 15 እና ኅዳር 1 ቀን ይደገማል፤ መጥቶ ማየት የሚሻ አባል ሁሉ ይምጣ። በሁለቱም ደረቅ ከሆነ ድንኳኑ ኅዳር 2 ቀን ይገባል። እስከዚያው ኀዘን ቢደርስ ለፋፊው ድንኳኑን የሚያወጣው ከቀድሞው ግቢ ነው። መስኮቱን ጠዋትና ማታ ለመክፈትና ለመዝጋት በየሳምንቱ አንድ ሰው ያስፈልገናል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጉባኤው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ ቁልፉም ከእርሱ ዘንድ ነው።