ከፎገራ ሜዳ ወደ ጉዛራ ግንብ



ከወረታ ተነሥተን፣ ርብን ተሻግረን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራንዝ አጠገብ ስንደርስ የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ይታያል። ወደ ጎንደር ስንሄድ ሁልጊዜ በአውቶቡስ እናልፈው ነበር እንጂ ወጥተን አላየነውም። ዘንድሮ ግን ወጣን።

ግንቡን አሠሩት የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነውና፣ እንግዲህ ጉዛራ ለጎንደር ግንቦች ታላቃቸው ነው። ግድግዳው በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሲሆን በማዕዘኑ ክብ ግንብ አለው፤ ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ጣና ይታያል።

በዚያው ዘመን፣ በ1576፣ የጃፓኑ የጦር አበጋዝ ኦዳ ኖቡናጋ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ካለ ተራራ ላይ የአዙቺን ግንብ ማሠራት ጀምሮ ነበር። የእንጨቱ ሕንፃ በ1582 ተቃጠለ፤ ያለ ኖራ የተካበው የድንጋይ መሠረት ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከእኛ አንዱ ለማስታወሻ ብሎ ከጉዛራ ግድግዳ ጥቂት ኖራ ፈለፈለ፤ እኛም ቆመን አየን እንጂ አልከለከልነውም። አንድ ትንሽ እረኛ ግን፣ «የመጣው ሁሉ እንዲህ ከወሰደ ምን ሊተርፍ ነው?» አለን። አፈርን። ፍርፋሪውን መልሰን ከግድግዳው ሥር አኖርነው። ስንወርድ ዞር ብለን ብናይ፣ የተፈለፈለው ስፍራ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታይ ነበር።