ካርታ ሲባል ቁማር ብቻ ነውን?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሥዕል ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር



የንግግራችን ርእስ በቤተሰብ መካከል የሚደረገውና ስመ ጥር ሥዕሎችን የሚያስተምረው የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታ የሚለው ቃል በተጠራ ጊዜ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩ እናውቃለን። አይፈረድባቸውም፤ ደመወዙን በካርታ ተበልቶ ልጆቹን ያስራበ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ይነገራልና። እኛም ለቁማር ጥብቅና ለመቆም አልመጣንም። የመጣነው ካርታ ራሱ ወረቀት ብቻ መሆኑን፥ ጥቅሙም ጉዳቱም በላዩ በተሣለውና በተጫዋቹ አሳብ የሚወሰን መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ይህ ክርክር በእኛ ዘንድ ብቻ የተነሣ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ሃይማኖት አጥባቂ የሆኑ ብዙ ቤተሰቦች ንጉሥና ንግሥት ያለበት ካርታ ከቤታቸው እንዳይገባ ይከለክሉ ነበር። በ1861 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በማሳቹሴትስ፥ በሴለም ከተማ «ደራስያን» የተባለ ካርታ ታተመ። በእያንዳንዱ ካርታ ላይ የደራሲና የመጽሐፍ ስም ስላለበት ተጫዋቹ የአንዱን ደራሲ ሥራዎች አሟልቶ ለመሰብሰብ ይጣጣራል። ከዚያም በ1890ዎቹ ዓመታት በሲንሲናቲ ከተማ ስመ ጥር ሥዕሎችን የያዘ ካርታ ወጣ። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ጨዋታን በመከልከል ፈንታ ጨዋታውን ለወጡት ማለት ነው።

የጨዋታው ሕግ ከባድ አይደለም። እኛ በእጃችን ቈርጠን ያዘጋጀነው ጥቅል 32 ካርታ አለው፤ ይኸውም የ8 ሠዓሊዎች፥ ከእያንዳንዳቸው 4 ሥዕል ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ካርታ ይታደላል፤ የቀረው በመካከል ይከመራል። ተራው የደረሰው የሚፈልገውን ሥዕል ከአንዱ ተጫዋች በስሙ ይጠይቃል። ነገር ግን ለመጠየቅ አስቀድሞ ከዚያው ሠዓሊ ሥራዎች ቢያንስ አንዱን በእጁ መያዝ አለበት። የተጠየቀው ካለው ይሰጣል፤ ከሌለው ጠያቂው ከክምሩ አንድ ያነሣና ተራው ያልፋል። አራቱን ያሟላ በፊቱ ያስቀምጣል፤ ብዙ አራት የሰበሰበ ያሸንፋል። በመካከሉ ሳንቲም እንኳ አይገባም።

ታዲያ ከዚህ ምን ዕውቀት ይገኛል? አንደኛ፥ ስሙን የማያውቅ መጠየቅ አይችልምና ተጫዋቹ ስም ይይዛል። ሁለተኛ፥ የአንድን ሠዓሊ አራት ሥራዎች ጎን ለጎን ሲያይ የእጁን ጠባይ መለየት ይጀምራል። የቫን ጎግን «ከዋክብታማ ሌሊት» የያዘ ልጅ፥ ሌላውን የቫን ጎግ ሥዕል ስሙን ሳያነብ በቀለሙ ውፍረትና በብሩሹ ጉዞ ያውቀዋል። ሦስተኛ፥ ማየትን ይማራል። የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» ከክበባችን አባሎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ባዩ ጊዜ ያስተዋሉት ውሃውን ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ ከማዕበሉ ሥር በሩቅ የሚታየውን ትንሹን የፉጂ ተራራ አሳየችን፤ ከዚያም ሁላችንም ጀልባዎቹንና በውስጣቸው የተደፉትን ቀዛፊዎች ፈለግን።

ከሥዕሎቹም ጋር ታሪክ ይመጣል። የቬርሜር «ባለ ሉል ጉትቻዋ ልጃገረድ» በ1881 ዓ.ም. በዘ ሄግ ከተማ በሐራጅ በተሸጠች ጊዜ ዋጋዋ 2 ጊልደርና 30 ሳንቲም ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ በማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር ብዙ ሕዝብ ያያታል። ሥዕሏ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ይህን የሰማ ልጅ ዋጋና ክብር አንድ አለመሆናቸውን ያስተውላል።

ይሁን እንጂ ጥቅሙን ብቻ ተናግረን ጉድለቱን ብንደብቅ እውነተኞች አንሆንም። ካርታ ይዋሻል። በካርታው ላይ ሥዕሎች ሁሉ እኩል ናቸው፤ በእውነቱ ግን «ሞና ሊዛ» ቁመቷ 77 ሳንቲሜትር፥ ወርዷ 53 ሳንቲሜትር ስትሆን፥ ሬምብራንት በ1642 ዓ.ም. የሣለው «የሌሊት ዘብ» ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል፥ ወርዱም ከ4 ሜትር ይበልጣል። ያውም በ1715 ዓ.ም. ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ከግድግዳው ጋር እንዲስማማ ጠርዞቹ ተቈርጠዋል። ስለዚህ በካርታዎቻችን ጀርባ ልክን ጻፍን፤ የ«ሌሊት ዘብ»ንም ልክ በክፍላችን ወለል ላይ በጠመኔ አሠመርን። በመስመሩ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ ቦታ በተረፈ ጊዜ፥ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን «ትንሽ ነው» ያለ የለም።

ሌላው ጉድለት ስምን እንደ በቀቀን መድገም ነው። ስለዚህም አንድ ሕግ ጨምረናል። አራቱን ያሟላ ተጫዋች ከአራቱ በአንዱ ላይ በዓይኑ ያየውን፥ ሌላ ሰው ያልተናገረውን አንድ ነገር ካልተናገረ አይቈጠርለትም። በ«ሌሊት ዘብ» መካከል ከመታጠቂያዋ ላይ ዶሮ ያንጠለጠለችውን ልጅ ያገኘናት በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሰው «በወረቀት የታተመ ሥዕል ምን ክብር አለው?» ይል ይሆናል። የሆኩሳይ ማዕበል ግን ከመጀመሪያውም በእንጨት ተቀርጾ በወረቀት ላይ የታተመ፥ ተራው ሕዝብ ገዝቶ ከቤቱ እንዲያስገባው የተሠራ ነበር።

አሁን ለዘጠነኛው ሠዓሊ ቦታ ከፍተናል፤ እርሱም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስተዋት ሥራው በምንም ካርታ ላይ አይበቃም። ሆኖም ካርታውን የያዘ ልጅ ያን ብርሃን በአካል ለማየት እንዲናፍቅ እንፈልጋለን። የካርታ ሥራው ይኸው ነው፤ ወደ ሥዕሉ መላክ እንጂ በሥዕሉ ፈንታ መቆም አይደለም።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፥ ልጆቻችሁ ይህን ካርታ ይዘው ሲመጡ ከመቈጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አብራችሁ ተቀመጡ። አያቶቻችንም ሳይቀሩ ይጫወቱ፤ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ማየት ይችላሉና፥ ምናልባት ከሁላችን ይበልጥ ያያሉ። መምህሮቻችንንም በሳምንት አንዲት ሰዓት እንዲፈቅዱልን እንለምናለን። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ካርታው የሚሠራው ከካርቶን፥ ከሙጫና ከትዕግሥት ነው፤ ኑና አብረን እንሥራ።