ለቆርቆሮ ጣራ ምስማር ሊደረግ የሚገባው ጥገና
(በደብረ ኤልያስ ለቤት ባለቤቶችና ለአናጢዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ድርቅና ስለ ሠፈራ በሚነገርበት መድረክ የምስማርን ጉዳይ ማንሣት እንደ ተራ ነገር ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ እህል የሚጠፋው በማሳ ላይ ብቻ አይደለም። ከጣራ በሚንጠባጠብ ውሃ ርሶ የሻገተ ዘር መሬት ቢገባም አይበቅልም።

ምስማር የሚላላበት ምክንያት በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ አብዛኛው የጣራ እንጨታችን ባሕር ዛፍ በመሆኑ በእርጥቡ ከተመታ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ የያዘውንም ምስማር ይለቃል። ሁለተኛ፣ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ይረዝማል፣ በሌሊት ብርድ ያጥራል። የ2 ሜትር ቆርቆሮ የ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ልዩነት ሲደርስበት ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል፤ ይህም በየዕለቱ ሲደጋገም ምስማሩን ይነቀንቀዋል። ሦስተኛ፣ ነፋስ ከክፈፉ ሥር እየገባ ጣራውን ወደ ላይ ይገፋል።

በቆላ ጉዳቱ ይብሳል። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ብዙ ወገኖች በሠፈሩበት በመተከል፣ በፓዌ፣ ሙቀትና እርጥበት ስለሚፈራረቁ እንጨቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ጨው ያዘለው አየር የቆርቆሮውንና የምስማሩን የዚንክ ልባስ ቶሎ በልቶ ዝገት ያስከትላል።

የላላውን ምስማር በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ጥገና አይባልም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይወጣል። ተገቢው ሥራ አሮጌውን ነቅሎ ቀዳዳውን በሬንጅ መድፈን፣ ከዚያም በአጠገቡ ባለው ጉብታ ላይ ረዘም ያለ፣ አንገቱ የተጠማዘዘና ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ምስማር መምታት ነው። በጎድጓዳው በኩል ውሃ ስለሚወርድ በዚያ አይመታም። ከምስማሩ ራስ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ክብ ይደረግ። ጎማው እስኪጠብቅ እንጂ ጉብታው እስኪጨፈለቅ መምታት አይገባም። ሞራሌው ከበሰበሰ ወይም ምስጥ ከበላው ግን ምስማር መለወጥ ብቻውን ስለማይበቃ እንጨቱ ይለወጥ።

ሥራው በደረቅ ቀን፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ጠንካራ ሳንቃ አንጥፎ ምስማር በተመታበት መሥመር ላይ ብቻ በመርገጥ ይከናወን።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ፣ በሚያዝያ፣ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ጣራውን ይመርምር። ዛሬ በጥቂት ምስማር የሚጠገነው ጣራ በሐምሌ ዝናብና ነፋስ ከተገነጠለ ቤተሰቡን መጠለያም ዘርም ያሳጣዋልና።